ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፤ በሁለት ሕግ መካከል የኖሩ ዳኛ

ከመርሳ ተነሥቶ የሀብሩን ሜዳ አቋርጦ ወልድያ የገባ መንገደኛ፣ ጉዞውን ወደ ምዕራብ ቢቀጥል በድልብና በሳንቃ በኩል ያለውን ዳገት ወጥቶ ጋሸና ይደርሳል። ከዚያ ወደ ደቡብ ሲመለከት የዋድላና የደላንታ ደጋ ተዘርግቶ ይታየዋል። በሁለቱ ደጋዎች መካከል የዥጣ ሸለቆ፣ ከደላንታ ማዶ ደግሞ የበሽሎ ሸለቆ ምድሩን ሰንጥቀው ወርደዋል። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ ከ6 ቶን በላይ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ለማሻገር በእነዚህ ገደሎች ላይ መንገድ አስጠርበዋል። ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ የመጣውና በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦርም ወደ መቅደላ ሲቃረብ ሸለቆውን የተሻገረው ንጉሡ ባሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። በአንድ ንጉሠ ነገሥት የተጠረበው መንገድ ንጉሡን ለማጥፋት ለመጣው ጦር መተላለፊያ መሆኑ በታሪካችን ከሚያሳዝኑት ገጠመኞች አንዱ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። የእንግሊዝ ጦር ይዞት ከተመለሰው ብዙ ንብረት ጋር ሁለት ሕፃናትም ከአገራቸው ወጡ። አንደኛው የንጉሡ ልጅ ዓለማየሁ ነበር። ሁለተኛው ግን በዚያን ጊዜ ስሙን የሚጠራለት ሰው ያልተገኘ፣ ከወላጆቹ ጋር ከጎንደር ወደ መቅደላ መጥቶ በጦርነቱ ግርግር የጠፋ፣ ዕድሜው ከሦስት ዓመት ብዙ የማያልፍ ሕፃን ነው። ይህ ሕፃን አድጎ ሐኪም፣ ዳኛ፣ የትምህርት ቤት ኃላፊ፣ አገረ ገዥና የመንግሥት መልእክተኛ የሆነው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነው።

ልዑል ዓለማየሁ በእንግሊዝ አገር ገና በወጣትነቱ፣ በ1872 ዓ.ም. አረፈ። ሌላውን ሕፃን ቻምበርሌን የተባለ የጦር መኮንን ወደ ሕንድ ወሰደው። ቻምበርሌን ብዙም ሳይቆይ ስለ ሞተ፣ ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን ለትምህርቱ የሚያስፈልገውን ወጪ ቻለ። ሕፃኑ ከአንደኛው መኮንን ቻርልስ፣ ከሁለተኛው ማርቲን የሚለውን ስም ወርሶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በአምሪትሳር የሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ላሆር ወደሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት ገባ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1882 ዓ.ም. ተመረቀ። ከዚያም ወደ ስኮትላንድ ሄዶ ትምህርቱን አሻሽሎ፣ በእንግሊዝ መንግሥት አገልግሎት የበርማ ሐኪም ሆነ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ በቅኝ ግዛት ዘመን ከነበሩት ብዙ ታሪኮች አይለይም። ወላጅ የሌለው ልጅ በባዕድ ቸርነት አደገ፤ በተሰጠው ስም ተጠራ፤ ላሳደገው መንግሥት አገለገለ። ነገሩን የለወጠው የአድዋ ድል ነው። በ1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር የኢጣሊያን ጦር ድል ማድረጉ በዓለም ሁሉ በተሰማ ጊዜ፣ በበርማ የነበሩት ሐኪም የተወለዱበትን አገር ለማየት ቆርጠው ተነሡ። ድሉ በሆነ በጥቂት ዓመታት ውስጥም አዲስ አበባ ገቡ። አፄ ምኒልክ በደስታ ተቀበሏቸው። እሳቸውም ገንዘብ ሳይጠይቁ ሕመምተኛ ማከም ጀመሩ።

ዝናቸው በተሰማ ጊዜ የልጅ ልጇ በመቅደላ የጠፋባት አንዲት አሮጊት ከፊታቸው ቀረበች። በሕፃንነቱ በአካሉ ላይ የቀሩትን ጠባሳዎች ነግራ፣ ጠባሳዎቹም በተባሉበት ቦታ በመገኘታቸው አያቱ መሆኗ ታወቀ። የሠላሳ ዓመት ሰው ካለፉ በኋላ ወርቅነህ የሚለውን ስማቸውንና የአባታቸውን የእሸቴን ስም ያወቁት በዚህ ዓይነት ነው። አማርኛን ግን እንደ ማንኛውም እንግዳ ከፊደሉ ጀምረው መማር ነበረባቸው። የሥጋ ዝምድናቸው በጠባሳ ተመሰከረ፤ የቋንቋና የልማድ ዝምድናውን ግን በድካም መልሰው ገነቡት።

ከዚህ በኋላ ያሉት ሃያ ያህል ዓመታት በሁለት አገር መካከል የመመላለስ ዓመታት ናቸው። በአንድ በኩል የበርማ አገልግሎታቸውን ለመፈጸም ይመለሳሉ፤ በሌላ በኩል ዕድል ባገኙ ቁጥር ወደ ኢትዮጵያ ይመጣሉ። በ1900ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ለጋሲዮን ሐኪም ሆነው በተመደቡበት ጊዜ የታመሙትን አፄ ምኒልክን ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ነበሩ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉንም አግብተው ብዙ ልጆች አፈሩ። በመጨረሻም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1919 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት አገልግሎት ጡረታ ወጥተው ኑሯቸውን በኢትዮጵያ አደረጉ።

በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ የስደተኞችና የነጋዴዎች ከተማም ነበረች። አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ሕንዶች፣ ከየመንና ከኤደን የመጡ ዐረቦች ሱቅ ከፍተው፣ አናጢና ግንበኛ፣ ልብስ ሰፊና ወርቅ ሠሪ ሆነው ይኖሩባት ነበር። በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ፈቃድ ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባዎቹ አርመን ሕፃናት፣ አርባ ልጆች የተባሉት፣ ወላጆቻቸውን በቱርክ አገር በደረሰው እልቂት ያጡ ነበሩ። ለእነዚህ ሁሉ ሕዝቦች አዲስ አበባ የእንጀራ ከተማ ሆነችላቸው። ይሁን እንጂ አንድ ሰው እንጀራ ካገኘበት አገር ውስጥ ሙግት ሲገጥመው በማን ሕግ ይዳኛል የሚለው ጥያቄ መልስ የሚሻ ነበር።

መልሱን የሰጠው በጥር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር የተፈረመውና በተፈራራሚው ስም የክሎቡኮውስኪ ውል እየተባለ የሚጠራው ስምምነት ነው። በዚህ ውል መሠረት ሁለት የፈረንሳይ ዜጎች ቢካሰሱ የሚያያቸው ቆንሲላቸው ነው። ፈረንሳዊና ኢትዮጵያዊ ቢካሰሱ ግን ነገሩ ኢትዮጵያዊ ዳኛና ቆንሲል አብረው በሚቀመጡበት ችሎት ይታያል። ተከሳሹ ኢትዮጵያዊ ከሆነ በኢትዮጵያ ሕግ፣ ፈረንሳዊ ከሆነ በፈረንሳይ ሕግ ይፈረዳል። ዳኛውና ቆንሲሉ ካልተስማሙ ነገሩ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ችሎት ይቀርባል። የሌሎች መንግሥታት ወኪሎችም ለፈረንሳይ የተፈቀደው ለእኛም ይገባናል በማለት ያንኑ መብት ለዜጎቻቸው አገኙ። የራሳቸው ቆንሲል ያልነበራቸው ብዙ አርመኖችና ሌሎች ስደተኞችም ከአንዱ ኃያል መንግሥት ጥላ ሥር ተጠግተው በዚሁ መብት ተጠቀሙ።

በ1910ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው ልዩ ፍርድ ቤት ይህን የተቀላቀለ ሙግት እንዲያይ የተደራጀ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በዚህ ፍርድ ቤት ካገለገሉት ታላላቅ ሰዎች አንዱ ሲሆኑ፣ ሐኪም ወርቅነህም በዳኝነት ተቀምጠውበታል።

የዚህ ወንበር ክብደት ለዛሬ አንባቢ በቀላሉ አይታየውም። በፈረንጁ ወገን በቁጥር የተከፋፈለ፣ የታተመ፣ ቆንሲሉ ገልጦ የሚያነበው የሕግ መጽሐፍ አለ። በኢትዮጵያ ወገን ፍትሐ ነገሥትና ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ የዳኝነት ልማድ አለ። ያ ልማድ የረቀቀ ነው፤ ዋስ መጥራቱ፣ ምስክር ማቆሙ፣ ነገር አዋቂው በአደባባይ የሚያሳየው የንግግር ችሎታ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የሐዋላ ወረቀትን፣ የኩባንያ ማኅበርን፣ በባሕር የተላከ ዕቃ የደረሰበትን ጉዳት የሚመለከት አንቀጽ አልነበረውም። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው ዳኛ ከቆንሲሉ ጎን ሲቀመጥ፣ ሕጉን በቃሉና በራሱ ሚዛን ይዞ፣ ባላጋራው በመጽሐፍ የያዘውን ሕግ ሊመዝን ይገደድ ነበር።

ለዚህ ሥራ እንደ ሐኪም ወርቅነህ የተዘጋጀ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እንግሊዝኛ የትምህርታቸው ቋንቋ ነው። ያደጉት በሕንዶች መካከል በመሆኑ ከሕንዱ ነጋዴ ጋር የሚገናኙበት ልማድ ነበራቸው። ስደተኛ በባዕድ አገር ሲኖር በሆዱ የሚይዘውን ፍርሃት ከራሳቸው ሕይወት ያውቁታል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሁለቱ ሕጎች ግጭት በገዛ ራሳቸው ላይ ያለፈ ነው። እንግሊዞች በመዝገባቸው የእንግሊዝ ተገዥ አድርገው ይቆጥሯቸው ነበር፤ የጡረታ ገንዘባቸውም የሚመጣው ከዚያው መንግሥት ነው። በትውልዳቸውና በምርጫቸው ግን ኢትዮጵያዊ ናቸው። እሳቸው ራሳቸው ተከሳሽ ሆነው ቢቆሙ በየትኛው ሕግ ሊዳኙ ነበር? ይህ ጥያቄ የተነሣባቸው ሰው በዚያ ወንበር መቀመጣቸው ለአገሪቱ ትልቅ ጥቅም ነበረው።

የልዩ ፍርድ ቤት ዳኝነት አንድ ነገር በግልጽ አሳየ። የራሱ የተጻፈ ሕግና በዚያ ሕግ የሠለጠኑ ሰዎች የሌሉት መንግሥት፣ በገዛ ከተማው ላይ ግማሽ ዳኛ ሆኖ ይቀራል። ቆንሲሎቹ ስለ መብታቸው ሲጠየቁ የሚሰጡት ምክንያት የኢትዮጵያ ሕግ ገና ከአውሮፓ ሕግ ጋር አልተስተካከለም የሚል ነበርና፣ መብቱን ለማስቀረት የሚቻለው ሕግ በመጻፍና ሰው በማስተማር ብቻ ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1923 ዓ.ም. መታወጁ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ሕገ መንግሥት መሰጠቱ የዚህ አሳብ ፍሬዎች ናቸው።

ሐኪም ወርቅነህም ሰው በማስተማሩ በኩል ድርሻቸውን ወሰዱ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የበላይ ኃላፊ ሆኑ። ለተማሪዎች የሚሆን የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ ጻፉ። ከባርነት ነጻ የወጡ ልጆች ትምህርት እንዲያገኙም ደከሙ። አንድ ሐኪም የጂኦግራፊ መጽሐፍ መጻፉ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ከሕፃንነቱ ጀምሮ በባሕር ተሻግሮ የኖረ ሰው፣ የአገሩ ልጅ ዓለም ምን ያህል ሰፊ እንደሆነችና የራሱ አገር በዚያች ዓለም ላይ በየት እንደምትገኝ ቢያውቅ መመኘቱ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ለመሐንዲሶች ከሁሉ ይበልጥ የሚታወስ ሥራቸው የጣና ግድብ ጉዳይ ነው። አፄ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ ቃል ገብተው ነበር። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝና ኢጣሊያ፣ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ፣ ስለ ጣናና ስለ ባቡር መንገድ በደብዳቤ ተስማሙ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ስለ ነበር፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ ነገሩን ወደ ማኅበሩ አቅርበው ተቃወሙ።

መቃወም ብቻውን ግድብ አይሠራም። በ1920 ዓ.ም. መጀመሪያ ሐኪም ወርቅነህ ወደ ኒው ዮርክ ተልከው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የአሜሪካ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። 20 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል የተባለው የግድብ ሥራ ዜና በጋዜጦች በወጣ ጊዜ ለንደን ተደናገጠች። የአሳቡ ብልኀት ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ የ1894ቱን ውል ሳትጥስ፣ ግድቡን የሚያጠናውና የሚሠራው ወገን በውኃው ላይ የፖለቲካ ምኞት ካላቸው ጎረቤት ቅኝ ገዥዎች ውጭ እንዲሆን መረጠች። በልዩ ፍርድ ቤት የውልን ቃል መመዘን የለመደ ዳኛ፣ ውል የከለከለውንና ያልከለከለውን ለይቶ ማወቁ ለዚህ መልእክት ተገቢ አደረገው።

የኩባንያው መሐንዲሶች መጥተው የሐይቁን መውጫ አጠኑ። ግድቡ ግን በዚያ ዘመን አልተሠራም፤ የኢጣሊያ ወረራ ቀደመው። በጣና መውጫ በጨረጨራ የውኃ መቆጣጠሪያ የተሠራው በ1988 ዓ.ም. ነው። በኒው ዮርክ ከተደረገው ንግግር እስከዚያ ድረስ 68 ዓመታት አለፉ።

ሐኪም ወርቅነህ በዚያው ጉዞ ወደ ሐርለም ሄደው ለጥቁር አሜሪካውያን የአልጋ ወራሹን ሰላምታ አቀረቡ፤ ባለሙያዎችም ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ከአሜሪካና ከካሪብ ደሴቶች የተነሡ ጥቂት ሰዎች አዲስ አበባ ገቡ። ከሐርለም የመጡት ረቢ አርኖልድ ፎርድ በ1928 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ አረፉ። ከባርቤዶስ የተነሡት ሚስታቸው ወይዘሮ ሚኞን ፎርድ ግን በዚሁ ቀርተው፣ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም የተጠራውን ትምህርት ቤት መሥርተው ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች አሳደጉ። አንድ ጊዜ በግድ ከአገሩ የተወሰደ ሰው፣ አያቶቻቸው በግድ ከአፍሪካ የተወሰዱትን ሰዎች ወደ አገሩ ጠራ። ይህን ጥሪ ከሌላ ሰው አፍ ቢሰሙት ኖሮ ያን ያህል ክብደት ባልነበረውም።

በ1920ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ መቀመጫው አሰበ ተፈሪ የሆነው የጨርጨር አገረ ገዥ ሆነው ተሾሙ። ጨርጨር ለሌላው ግዛት ምሳሌ እንዲሆን የታሰበ አውራጃ ነበር። የቡናና የባቡር አገር በመሆኑም ከውጭ የመጡ ነጋዴዎችና የአገሩ ገበሬ በየቀኑ የሚገናኙበት ነው። በልዩ ፍርድ ቤት በወረቀት ያዩትን ግንኙነት እዚህ በእርሻና በገበያ ላይ ያስተዳድሩት ጀመር።

ከዚያም በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተላኩ። በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ፣ ባሳደጋቸው መንግሥት ዋና ከተማ ለተወለዱበት አገር የሚሟገቱት እሳቸው ሆኑ። ስብሰባ ላይ ተናገሩ፤ ለእንግሊዝ ሕዝብ ጽሑፍ አወጡ፤ ለቁስለኞች እርዳታ ለመኑ። ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት ደርሶ ነበር። የመንግሥታት ማኅበር ውል በጽሑፍ ግልጽ ነበር፤ ማኅበሩም ኢጣሊያን ወራሪ ብሎ ፈረደ። ፍርዱን የሚያስፈጽም ኃይል ግን አልተገኘም። የዳኝነት ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ከዚህ የበለጠ መራራ ትምህርት የለም።

የደረሰባቸው ኀዘን በዚህ አላበቃም። ብንያምና ዮሴፍ የተባሉት ሁለት ልጆቻቸው በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረው ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበር። ጠላት አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የተማሩ ወጣቶችና መኮንኖች ካቋቋሙት የጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ተሰለፉ። በጠላት እጅ ከወደቁ በኋላም፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ወዲህ በግራዚያኒ ትእዛዝ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ተገደሉ። አገሪቱ በዚያን ጊዜ የነበሯት መሐንዲሶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከእነዚያ ሁለቱን፣ አባት ደግሞ ሁለት ልጆቹን በአንድ ቀን ወሬ አጣ ማለት ይቻላል። የምሕንድስና ሙያ በኢትዮጵያ የራሱ ሰማዕታት እንዳሉት የዚህ ማኅበር አባላት ሊዘነጉት አይገባም።

ከድሉ በኋላ ሐኪም ወርቅነህ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያም በእርጅና አረፉ። በዳኝነት ዘመናቸው ያዩት የሁለት ሕግ አስተዳደር ከጠላት ወረራ በኋላ በቀድሞ መልኩ አልተመለሰም። የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ በ1949 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በ1952 ዓ.ም. ሲታወጁ፣ በኢትዮጵያ ምድር የሚኖር አርመንም ሆነ ግሪክ፣ ሕንድም ሆነ ዐረብ ከኢትዮጵያዊው ጎረቤቱ ጋር በአንድ መጽሐፍ የሚዳኝበት ጊዜ ደረሰ። እሳቸው ይህን ለማየት አልበቁም።

የሐኪም ወርቅነህን ሥራ በፍጻሜው ብቻ የሚመዝን ሰው ብዙ ጉድለት ያገኝበታል። ግድቡ አልተሠራም፤ የጨርጨር ምሳሌነት በጦርነት ተቋረጠ፤ የለንደን ክርክራቸው አገሪቱን ከወረራ አላዳነም። ነገር ግን ሥራዎቹ ሁሉ አንድ አሳብ ያስተሳስራቸዋል። አገር የራሷ ሕግ አዋቂ፣ የራሷ መምህርና የራሷ መሐንዲስ ካልኖራት በቤቷ እንግዳ ትሆናለች። ይህ ሲሟላላት ግን እንግዳውን ያለ ፍርሃት ልታስተናግድና በትክክል ልትዳኘው ትችላለች።

ዛሬ ከወልድያ ተነሥቶ ዋድላንና ደላንታን ተሻግሮ መቅደላ የሚደርስ ሰው፣ ሴባስቶፖልን ከአምባው ላይ ወድቆ ያገኘዋል። መድፉ በመንገዱ ተጉዞ ከወጣበት አልተመለሰም። በዚያው ዓመት ከዚያው ስፍራ የወጣው ሕፃን ግን ሕንድንና በርማን ዞሮ፣ ዕውቀቱን ይዞ ተመለሰ።